ደግ ልብ ብቻውን ይበቃል?



ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! ከአዳማ ተነስተህ በሞጆና በመቂ አድርገህ ወደ ባቱ ስትወርድ ባጃጅና አይሱዙ ከተጋጩበት ቦታ ደረስክ እንበል። አንድ ወጣት ደረቱን ብረት ወግቶታል፤ በተነፈሰ ቁጥር ቁስሉ አየር ይስባል። ሮጠህ ቁስሉን በፌስታል ጥብቅ አድርገህ አሸግክለት። ኒያህ ንጹህ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ትንፋሽ አጥሮት ከንፈሩ ጠቆረ።

ምን ሆነ? ሳንባችን የሚሰፋው ከደረታችን የውስጥ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነው። በመካከላቸው አየር ከገባ ሳንባው ይኮማተራል። አየሩ መውጫ አጥቶ ከተጠራቀመ ደግሞ ልብን ተጭኖ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ያ ፌስታል መውጫውን ዘጋው።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው በጉዞ ላይ ድንጋይ መትቶት ራሱ ተፈነከተ። ከዚያም ጀናባ ሆነና ተየሙም ይፈቀድለት እንደሆነ ባልደረቦቹን ጠየቀ። ውሃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ የገደሉት እነሱ መሆናቸውን ተናገሩ፤ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ እንደሆነም አስተማሩ። እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ያላወቁትን እንደሚያውቁ ሆነው መለሱ እንጂ።

«ታዲያ አይቼ ልለፍ?» ትለኝ ይሆናል። በፍጹም! ቆሞ በስልክ መቅረጽም እርዳታ አይደለም። ማድረግ የምትችለው አለ፦ አምቡላንስ ለመጥራት ወደ 907 ደውል። አየር የሚስበውን ቁስል አትድፈነው፤ የሚደማ ከሆነ በንጹህ ደረቅ ጨርቅ ያዝለት፣ ጨርቁ በደም ከራሰ ቀይረው። የተሰካ ብረት ወይም ቢላ አትንቀል። ከነቃ ለትንፋሹ እንደሚመቸው ይቀመጥ። ውሃ አታጠጣው። አየሩን በመርፌ ማስወጣትና ቱቦ ማስገባት የሰለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው፤ አንተ አትሞክረው።

አቶ ክብረት አበበ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ ነበሩ። ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስን መሠረቱ። የእሳቸው ርኅራኄ እውቀት ነበረው።

ዑለማዎች ሕክምናን ፈርድ ኪፋያ ይሉታል፤ የሚበቃ ሰው ካልተማረው ወንጀሉ የሁላችንም ነው። ስለዚህ አለማወቅህ ምክንያት የሚሆንህ መማር እስካልቻልክ ድረስ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና ቀይ መስቀል ይሰጣል። ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስትወጣ አንድ ጓደኛህን ያዝና አብራችሁ ተመዝገቡ። ለሰው መድረስ የሚጀምረው አደጋው ከመድረሱ በፊት ነው።

አላህ ልባችንንም እጃችንንም ያስተካክልልን። ጁሙዓ ሙባረክ!