የተስፋ ዕዳ

ለመሆኑ አንድ ሰው ገና ያልተፈጸመን ሥራ በጉጉት ሲጠባበቅ ቆይቶ እንዳሰበው ሆኖ ባያገኘው፣ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? ጥያቄው የቆየ ቢሆንም፣ ዛሬ ጎልቶ የሚታየው በወጣቱ የቪዲዮ ጨዋታ ጥበብ፣ በተለይም ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሕይወት ወስዶ ለብዙ ሰዓታት በሚኖርበት የሚና ጨዋታ ነው።

«ሳይበርፐንክ 2077» ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ሥራውን በ2004 ዓ.ም. አስታውቆ፣ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ካሸጋገረ በኋላ ታኅሣሥ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ለገበያ አቀረበው። አስቀድመው የገዙት ብቻ 8 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ግን ሥዕሉ እየደበዘዘ፣ ጨዋታው እየተቋረጠ አስቸገረ። ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አነሣው፤ የመለሰው በሰኔ ነው።

ጥፋቱ ገደብ ያጣው የተጠባባቂዎች ምኞት ነው ያሉ ነበሩ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ከሽያጩ በፊት ለሐያስያን የተሰጠው ለኮምፒዩተር የተዘጋጀው ቅጂ ብቻ ነበር፤ በአሮጌው መሣሪያ ላይ የሚታየው ጉድለት አልተገለጠላቸውም። ምኞት የተጠባባቂው ነው፤ መሸሸግ ግን የሠሪው ነው።

የከተማው ባቡር በምሥራቅ በኩል በሚያበቃበት በአያት ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በጌም ቤት የሚከፈለው በጨዋታ ቁጥር ነው፤ ባለተራው ከኋላ ቆሞ ሳለ የመቶ ሰዓት ታሪክ አይዘለቅም፤ ስለዚህም ኳስ ይነግሣል። የሚና ጨዋታ የሚሻ ወጣት የራሱ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ አቅሙ የሚፈቅድለትም ብዙውን ጊዜ አሮጌው ነው። ሶኒ ከመደብሩ ለገዙት ገንዘባቸውን መልሷል። ዲስኩን በዘመድ ሻንጣ ያስመጣውስ ማንን ይጠይቃል?

ሌላም ዓይነት ቅሬታ አለ፤ ከዚህ ይልቅ ረቂቅ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የወጣውን የቤልጂጉን ላሪያን «ባልደርስ ጌት 3» ዓለም በአንድ ድምፅ አወደሰው፤ የዓመቱም ምርጥ ጨዋታ ተባለ። 150 ጊጋባይት የሚሆነውን ይህን ሥራ በሌሊት በሌሊት ሲያወርድ የሰነበተ ሰው፣ በዳይ እየተጣለ በተራ በተራ የሚካሄደው ውጊያ ቢሰለቸው ማንም አልበደለውም። ለጓደኞቹ ግን «ግሩም ነው!» ይላቸዋል። ከስንት ሌሊት ድካም በኋላ አልጣመኝም ማለት ያሳፍራላ! አንባቢ ልብ ይሏል፤ የሚቀጥለው ተጠባባቂ ተስፋውን የሚገነባው በዚህች ቃል ላይ ነው። ኩባንያ የሸሸገውን ጉድለት የሚኮንን ሰው የራሱን ስልቸታ ሲሸሽግ፣ በትንሹም ቢሆን ያንኑ ሥራ ይሠራል።

«ሳይበርፐንክ» በመስከረም 2016 ዓ.ም. በእጅጉ ታርሞ ወጣ፤ ብዙዎችም ቀድሞ የተገባው ቃል ተፈጸመ ብለው አመሰገኑ። እርማቱ ግን ለአዲሶቹ መሣሪያዎችና ለኮምፒዩተር ብቻ ነበር። በፕሌይስቴሽን 4 የጀመሩት፣ ማለትም ከሁሉ በፊት የተጎዱት፣ አልደረሳቸውም።