ዕጣ የወጣለት ሰው ዕዳ

መንግሥትን የሚመሠርተው ማን ነው? በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ 5 እንደምናነበው፣ ዳዊት በሳሙኤል እጅ አስቀድሞ የተቀባ ቢሆንም፣ በእስራኤል ሁሉ ላይ የነገሠው የሕዝቡ ሽማግሌዎች ወደ ኬብሮን መጥተው በእግዚአብሔር ፊት ቃል ኪዳን ከተጋቡ በኋላ ነው። እንግዲህ ቅብዐቱ ከላይ ሲሆን፣ የሕዝቡ ቃል አልቀረም።

በአገራችን በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው የሰጡት ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ግን በሕዝቦች ስም ይናገራል፤ በአንቀጽ 8ም የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች እነርሱ እንደ ሆኑ ይደነግጋል። ቀድሞ ተቀባይ የነበረው ሰጪ ተባለ ማለት ነው። ነገር ግን ሕዝብ በጽሑፍ ስለ ተጠራ ብቻ መሥራች ይሆናልን? ሩሶ የተባለው ፈላስፋ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1762 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕዝብ ንጉሥ ከመምረጡ አስቀድሞ፣ ሕዝብ የሆነበትን ሥራ መመርመር እንደሚገባ አመልክቷል። እኛም ይህን ሥራ ለማየት ወደ መርካቶ እንሂድ።

መርካቶ ሲተከል በሕዝብ ፈቃድ አልነበረም፤ በወረራው ዘመን የኢጣልያ ገዥዎች ያገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደዚያ አዛወሩት፤ ስሙም ከቋንቋቸው የመጣ ነው። ሆኖም ከየአገሩ የተሰበሰቡ ነጋዴዎች፣ የራጉኤል ምእመንና የአንዋር መስጊድ ሰጋጅ፣ በአንድነት ዕቁብ እየጣሉ የራሳቸው አደረጉት።

የዕቁብን ሥርዐት እናስተውል። አባላቱ ዳኛና ጸሓፊ መርጠው በየጊዜው ያዋጣሉ፤ ዕጣ የወጣለትም ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል። ያልደረሰው የሚከፍለው በተስፋ ነው፤ አስቀድሞ የወሰደው ግን የሚከፍለው ስለ ቃሉ ነው። እርሱ ቢያቋርጥ ዕቁቡ ይፈርሳል፤ መጨረሻ የቀረውም ባዶ እጁን ይመለሳል። የሚከፍለው ዋሱን ፈርቶ ነው የሚል ቢኖር፣ ዋስነትስ ሰው በሰው መታመኑ አይደለምን? ስለዚህ ዕቁብን የሚያቆመው የተጀመረበት ቀን ብቻ ሳይሆን፣ የደረሰው ሰው ላልደረሰው መታመኑ ነው።

መንግሥትም እንዲሁ ነው። ሥልጣን የያዘ፣ ትምህርት ያገኘ፣ ሀብት ያከማቸ ሁሉ ዕጣ የወጣለት ሰው ነው። ገበሬውና በመርካቶ ሸክም የሚሸከመው ወንድማችን ግን ግብሩንና ድካሙን እያዋጡ ተራቸውን ይጠብቃሉ። እነርሱ ተስፋ የቆረጡ ዕለት፣ ጽሑፉ እንደ ተጻፈ ይቀራል፤ መሠረቱ ግን ይናዳል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መሥራቹን ከቀደሙት ሰዎች መካከል ብቻ አንፈልግ። መንግሥት ዛሬም በእኛ ይመሠረታል፤ ወይም በእኛ ይፈርሳል። ዕጣችንን ከወሰድን በኋላ እንከፍላለንን? እያንዳንዳችን ኅሊናችንን እንመርምር። እግዚአብሔር በቃላችን ያጽናን፤ አሜን።