ሳይረሱ ስለ መዳን

ከጦርነት የተመለሰ ሰው ሕክምናን የሚሸሸው በኀፍረት ብቻ አይደለም። ሕመማቸውን ከጎናቸው ለወደቀው ባልንጀራ የቀረ የመጨረሻ ታማኝነት አድርገው የያዙ አሉ። ሌሊት ባንኖ መነሣት፣ ሰው በበዛበት ቦታ ትንፋሽ ማጠር፣ ከቤተሰብ መሀል ተቀምጦ እንግዳ መሆን፣ ይህ ሁሉ ቢለቃቸው ሟቹን የከዱት ይመስላቸዋል። በቦስተን የቬትናም ዘማቾችን ለዓመታት ያከመው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆናታን ሼይ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው «አኪሊስ በቬትናም» ይህን ሐዘን ከጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ከሆሜር ጀግና ሐዘን ጋር አስተያይቶ ጽፎታል። ወታደሩን የሚሰብረው የሞት ፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ፣ ትክክል ብሎ ያመነበት ነገር በገዛ አለቆቹ ሲጣስ ማየትም ከጥይት ያላነሰ እንደሚያቆስል አሳይቷል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ ሰው በገዛ እጁ ያደረገውን ከኅሊናው ጋር ማስታረቅ ሲያቅተው የሚደርስበትን ጉዳት ጨምረውበታል።

እንግዲህ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ስሜትንና አስተሳሰብን በሚለውጡ፣ ሳይኬደሊክ በሚባሉ ንጥረ ነገሮች የታገዘ ሕክምና እንዲፈቀድላቸው ሲጠይቁ፣ ከሕጉም ከሳይንሱም የሚቀድም ጥያቄ አለ። መድኃኒት ይህን ዓይነት ሐዘን ሊነካው ይገባል? ሰው ባጣው ወይም በፈጸመው ነገር መሰቃየቱ የሰብአዊነቱ ምልክት ከሆነ፣ ሥቃዩን በኬሚካል ማቅለል ኅሊናን ማደንዘዝ አይሆንም?

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ፒቲኤስዲ የተባለው ከአስደንጋጭ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም የያዘው ሰው ያለፈውን እያስታወሰ አይደለም፤ ያለፈው እየደጋገመ ይደርስበታል እንጂ። ፍንዳታው ትናንት ሳይሆን አሁን ነው፤ ደሙም አልደረቀም። ከዚህ ለማምለጥ ሲል የሟች ባልንጀራውን ፎቶ ይሸሽጋል፣ የሟቹን እናት ስልክ አያነሣም፣ የሟቹ ስም ሲጠራ ከክፍሉ ይወጣል። ታማኝነት ብሎ የያዘው ሕመም ሟቹን በሥርዓት እንዳያስበው የሚከለክለው እርሱ ራሱ ነው። ማሰብ፣ ማልቀስ፣ ጥፋት ካለም ማመን የሚቻለው ነገሩን ከፊት አስቀምጦ ለማየት የሚበቃ ርቀት ሲገኝ ነው። ስለዚህ ሕክምና ሁሉ ሊመዘንበት የሚገባው ይህን ርቀት መስጠቱ ይመስለኛል። የሚያስረሳ ነገርማ አልኮልም አለ፤ ብዙዎችን የጨረሰውም እርሱ ነው።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ማኅበር ሕመሙን በይፋ የመዘገበው በ1980 ነው፣ ያውም የቬትናም ዘማቾችና ደጋፊዎቻቸው ከታገሉ በኋላ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ሕመም ያጸደቃቸው መድኃኒቶች ሰርትራሊንና ፓሮክሰቲን ብቻ ናቸው። የተሻለ ውጤት ያሳዩት የንግግር ሕክምናዎች ታካሚው አስጨናቂውን ትዝታ ደጋግሞ እንዲጋፈጥ ይጠይቃሉ። ለአንዳንዱ ይህ ያድናል። ሌላው ግን ትዝታው ሲቀርበው ሰውነቱ እንደገና ጦር ሜዳ ስለሚገባ መሀል ላይ አቋርጦ ይወጣል።

ኤምዲኤምኤ የተባለው ንጥረ ነገር ተስፋ የተጣለበት እዚህ ላይ ነው። የጀርመኑ መርክ ኩባንያ በ1912 ሠራው፤ በ1970ዎቹ ጥቂት የአሜሪካ ቴራፒስቶች በሕክምና ተጠቀሙበት፤ በጭፈራ ቤቶች ከተስፋፋ በኋላ በ1985 ታገደ። በሙከራዎቹ ታካሚው በሁለት ቴራፒስቶች ፊት፣ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ሙዚቃ እየሰማ ስምንት ሰዓት ያህል ይቆያል። ይህ በወር ልዩነት ሦስት ጊዜ ይደረጋል፤ ከፊቱ የዝግጅት፣ ከኋላው ደግሞ የታየውን ከኑሮ ጋር የማዋሐድ ንግግር አለ። ንጥረ ነገሩ ፍርሃትን ያለዝባል፤ ሰውን ማመንን፣ ለራስም መራራትን ያቀልላል። ትዝታው በቦታው ይቆያል። ሰውየው ግን ሳይሸሽ ሊያየውና ሊናገረው ይችላል። በሳውዝ ካሮላይና ቻርልስተን ማይክልና አኒ ሚትሆፈር ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የኤምዲኤምኤ ጥናት 26 ሰዎችን ያቀፈ ሲሆን 22ቱ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ፤ ቀሪዎቹ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና አንድ ፖሊስ።

በ2023 በታተመው ሁለተኛው የኤምዲኤምኤ የሦስተኛ ደረጃ ሙከራ 104 ሰዎች ተካፍለዋል። መድኃኒቱን ከወሰዱት 71 በመቶው ከሕክምናው በኋላ የሕመሙን መመዘኛ አያሟሉም ነበር። ይህ ቁጥር ብዙ ተወርቶለታል። እኔን ይበልጥ ያቆመኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፤ የማስመሰያ እንክብል ከወሰዱትም 48 በመቶው እንዲሁ ሆነዋል። ያለ መድኃኒቱ፣ ሁለት ሰዎች ለረጅም ሰዓት ሳይቸኩሉ አብረዋቸው ተቀምጠው ግማሽ ያህሉ ከሕመሙ ወጡ ማለት ነው። መድኃኒቱ የጨመረው ነገር እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የተጨመረው በዚህ ላይ ነው። ስለ ሳይኬደሊክ በሚደረገው ክርክር ሁሉ ይህ ሲዘነጋ ያሳዝነኛል።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በነሐሴ 2024 ኤምዲኤምኤ ለፒቲኤስዲ እንዲፈቀድ የቀረበለትን ማመልከቻ ሳይቀበል ቀረ፤ ሌላ ሙከራም ጠየቀ። በቁጣ «ቢሮክራሲ ወታደሮችን ገደለ» ያሉ ነበሩ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ በ2022 ብቻ ከ6,400 በላይ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ራሳቸውን አጥፍተዋል። ቢሆንም ከውሳኔው በፊት የተነሡት ጥያቄዎች ከባድ ነበሩ። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው መውሰዱን ወዲያው ስለሚያውቅ የተስፋውን ውጤት ከመድኃኒቱ ውጤት መለየት ያስቸግራል። ከዚህም የከፋው፣ በካናዳ ቫንኩቨር በተካሄደ ቀደም ያለ ሙከራ ቴራፒስቶች በታካሚ ላይ የፈጸሙት የሥነ ምግባር ጥሰት ነው። ልብን የሚከፍት መድኃኒት የወሰደ ሰው ራሱን መከላከል አይችልም። አለቆቹ የከዱትን ወታደር በሐኪሙ ደግሞ እንዲከዳ ማድረግ ከሕመሙ የባሰ ግፍ ነው። ስለዚህ መዘግየቱ ቢያስቆጭም ጥንቃቄውን ጭካኔ ልለው አልችልም።

የሕግ ፈቃድ ያልጠበቁ ወታደሮች ግን ድንበር ተሻግረዋል። በሜክሲኮ ክሊኒኮች ኢቦጌን የሚባለውን ሌላ ንጥረ ነገር የሚወስዱ የቀድሞ የአሜሪካ ልዩ ኃይል አባላት ጥቂት አይደሉም፤ በቀድሞው የባሕር ኃይል ኮማንዶ ማርከስ ኬፖንና በባለቤቱ አምበር የተመሠረተው ድርጅት ወጪ እየሸፈነ ይልካቸዋል። ንጥረ ነገሩ የሚገኘው በጋቦን የብዊቲ እምነት ተከታዮች በሥርዓት ከሚጠቀሙበት የኢቦጋ ሥር ነው። ስለ ሥሩ ትርፍ ሲታሰብ እነርሱም መታሰብ አለባቸው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2024 መጀመሪያ ባሳተሙት ጥናት 30 የቀድሞ ወታደሮችን ተከታትለው ከአንድ ወር በኋላ ትልቅ መሻሻል አይተዋል፤ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረም። ኢቦጌን የልብ ምትን ሊያዛባና ሊገድል ስለሚችል በጥናቱ ማግኒዚየም አብሮ ይሰጥ ነበር። ቴክሳስ በ2025 ለኢቦጌን ሙከራ 50 ሚሊዮን ዶላር መድባለች። መንግሥት በትእዛዝ ወደ ሩቅ አገር የላከው ሰው ለመዳን ሲል በበጎ አድራጊ ገንዘብ ከአገሩ መውጣቱ፣ የትኛውም ጥናት ከሚያሳየው በላይ ዕዳው ያልተከፈለ መሆኑን ይናገራል።

የሕግ መፈቀድም ብቻውን በቂ አይደለም። አውስትራሊያ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ፈቃድ ያላቸው የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ኤምዲኤምኤን ለፒቲኤስዲ እንዲያዙ ፈቅዳለች። ሙሉ ሕክምናው ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የአውስትራሊያ ዶላር ይጠይቃል። ውድ የሆነው እንክብሉ ሳይሆን የሁለት ሰዎች ሰዓት ነው። የማንነትና የቋንቋም ነገር አለ። በአሜሪካ ሙከራዎች ከተካፈሉት አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ። ነገር ግን በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ኢትዮጵያውያን፣ በእስራኤል ጦር ያገለገሉ ቤተ እስራኤላውያን አሉ፤ የእስራኤል ጤና ሚኒስቴርም በ2019 ኤምዲኤምኤን ለተወሰኑ ታካሚዎች በልዩ ፈቃድ ፈቅዶ ነበር። ፍርሃቱ ረግቦ ልቡ ሲከፈት በአማርኛ የሚያለቅስ ወታደር ቢኖር፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ልቅሶውን ሊረዳው ይገባል። በኢትዮጵያም ከሁለት ዓመቱ የሰሜን ጦርነት ለተመለሱት ቀድሞ የሚያስፈልጋቸው አዲስ መድኃኒት ሳይሆን፣ ያዩትን ሳይፈርድና ሳይቸኩል የሚሰማ የሠለጠነ ሰው ይመስለኛል።

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በታኅሣሥ 2024 ፒቲኤስዲና የአልኮል ሱሰኝነት ላለባቸው የኤምዲኤምኤ ሕክምና ጥናት በሮድ አይላንድና በኮነቲከት ገንዘብ መድቧል። ጥሩ ጅምር ነው። የመድኃኒቱ ማስረጃ እስኪሟላ ግን መሥሪያ ቤቱ ቴራፒስቶችን ማሠልጠን፣ ክፍሎቹን ማዘጋጀት፣ እያንዳንዱን ቆይታ በገለልተኛ ሰው የሚያስመረምር ደንብ ማውጣት ይችላል፤ ያለ መድኃኒቱ እንኳ ግማሽ ያህሉ ከሕመሙ የወጡበትን ረጅም ሰዓት ለታካሚ መስጠትም የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።