የማበላሸት መብት

የሥነ ጥበብ ተማሪ አዲስ ቁስ እጁ ሲገባ ይቆርጠዋል፣ ይነክረዋል፣ እሳት ያሳየዋል። ካላበላሸውም አያውቀውም። ለመሆኑ ግን ሌላው በላቡ፣ አንዳንዴም በሕይወቱ ያወጣውን ቁስ የማበላሸት መብት ከየት አገኘ?

ጥያቄው ወገል ጤና ላይ ሲነሣ ክብደቱ ይጨምራል። በዚህች የደላንታ ከተማ ዙሪያ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ኦፓል ይቆፈራል። ማዕድኑ የሚገኘው በገደል ወገብ ላይ በተዘረጋ ስስ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ስለሆነ፣ ወጣቶች ዋሻ እየፈለፈሉ ይከተሉታል፤ ዋሻው ተንዶ የሰው ሕይወት የጠፋበት ጊዜም አለ። የድንጋዩ ጠባይ ደግሞ ልዩ ነው። ውኃ ውስጥ ሲነከር ይጠጣል፤ እንደ ብርጭቆ ይጠራና ኅብረ ቀለሙ ይሰወራል፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለሳል። ቀለም ያለው ፈሳሽ ቢነካው ግን ያንኑ ጠጥቶ እድፉን ሊያስቀር ይችላል። ይህን ያነበበ ተማሪና አንዲት ስባሪ ነክሮ ቀለሟ እስኪመለስ የጠበቀ ተማሪ ከቶ እኩል አያውቁትም። ተመስጦ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ጥበቃ ይወለዳል እንጂ አስቀድሞ ከሰማይ አይወርድም።

የላሊበላ ጠራቢዎች አብያተ ክርስቲያናቱን ከወጥ ቋጥኝ ሲፈለፍሉ አንዴ የተገመሰ ዓምድ ተመልሶ እንደማይቀጠል ያውቁ ነበር። እነዚያ እጆች አስቀድመው በሌላ ድንጋይ ላይ አልተሳሳቱም ብሎ ማመን ግን ያዳግታል።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡት ሠዓሊዎችም ከሸራ ርቀው ሄደዋል። ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ፍልጥና በቆዳ ላይ ሥሏል፤ ኤልያስ ስሜ የልብስ ቁልፍና የተጣለ የኮምፒዩተር ሽቦ ለሥራው አውሏል። «አዲስ ቁስ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያሳስታል። ብራና ለደብተራ፣ ሽቦም ለቆራሌው አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሆነው ለተማሪው ብቻ ነው። ስለዚህ ማበላሸት መብቱ ቢሆንም ዕዳ ያለበት መብት ነው፤ ዕዳውም ቁሱን ከእርሱ በፊት ላወቀው እጅ የሚከፈል ነው።

ወገል ጤና የሚወርድ ተማሪ እንግዲህ ኅብረ ቀለም ከሌለው ስባሪ ይጀምር። የትኛው ድንጋይ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ቆፋሪውን ይጠይቅ፤ መልሱንም እንደ መምህር ቃል ይቀበል። ኅብረ ቀለም ያለውን ካስፈለገው ገዝቶ ያበላሽ፤ ገንዘቡ ግን በደላላ እጅ ሳይቀር ዋሻ ለገባው ሰው ይድረስ።