የልጅ አካል የማን አማና ነው?

ከላይ ጋይንት ገጠር ለትምህርት ንፋስ መውጫ የገባ ልጅ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከወላጆቹ እየተቀበለ ይማራል። ይህ የ16 ዓመት ልጅ ታሞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ወላጅህን አምጣ» ቢባል ማንን ያምጣ? ሴት ከሆነችና ሕመሟ ለአባት የማይነገር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዝም ብላ ወደ ኪራይ ቤቷ ትመለሳለች፤ በሽታውም ይከርማል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራንና ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ለአካለ መጠን ያልደረሰውን ግን አሳዳሪው ለጤናው የሚጠቅመውን ሕክምና እንዲያስደርግለት ሥልጣን ይተውለታል። ሥልጣኑ ለልጁ ጤና ሲባል የተሰጠ ነው እንጂ ለአሳዳሪው ክብር አይደለም። አካለ መጠን በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ሆነ በአማራ ክልሉ አዋጅ ቁጥር 79/1995 18 ዓመት ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ መመሪያ ግን 15 ዓመት የሞላው በራሱ ፈቃድ እንዲመረመር ፈቅዶ ነበር።

ይህ 15 ለእኛ እንግዳ ቁጥር አይደለም። አብዛኞቹ ዑለማዎች የአካል ምልክት ላልታየበት ልጅ የቡሉግን ዕድሜ በጨረቃ አቆጣጠር 15 ዓመት አድርገውታል፤ ኢማም አቡ ሐኒፋ ለወንድ 18፣ ለሴት 17 ብለዋል። ሱረቱ-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ ደግሞ የየቲም ገንዘብ የሚመለስለት ለጋብቻ ዕድሜ ሲደርስና ብስለቱ ሲታይ መሆኑን፣ አስቀድሞም እንዲፈተን ያዛል። ተጠይቆ የማያውቅ ልጅ በምን ይፈተናል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጨረሻው ሕመማቸው አትስጡኝ ብለው እያመለከቱ ቤተሰቦቻቸው መድኃኒት በአፋቸው አፈሰሱባቸው፤ በሽተኛ መድኃኒት መጥላቱ ነው ብለው። ሲሻላቸው ተቆጡ፤ በዚያ ካልነበሩት ከዐባስ በቀር በቤቱ ያሉት ሁሉ ያንኑ እንዲጋቱ አዘዙ። ቡኻሪ ዘግበውታል። እርግጥ እሳቸው ልጅ አልነበሩም። ያን ያደረጉባቸው ግን የሚወዷቸው ናቸው!

አንዳንድ አባቶች «ልጅን ከወላጅ ሊነጥሉት ነው» ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ለቀዶ ሕክምና የ14 ዓመት ልጅ ብቻውን ይፈርም የሚል የለም። ነገር ግን ሶላትና ጾም ግዴታህ ነው፣ ስለ አካልህም አላህ ፊት ትጠየቃለህ የምንለውን ልጅ፣ ሐኪሙ የት ያምሃል ሲለው አባት ቀድሞ ይመልስለታል።

ስለዚህ በመስከረም ልጁን ወደ ከተማ የሚልክ ወላጅ ከስንቁ ጋር፣ ቢታመም አብሮት የሚቆም አንድ የታመነ ሰው በከተማው ይሰይምለት። ጤና ጣቢያ ለመሄድ ፈቃድ መጠበቅ እንደሌለበት፣ ለምን ሄድክ ተብሎም እንደማይቆጣው ከመንገዱ በፊት ይንገረው። ለሴት ልጁም እናቷ ትንገራት።