የሊቅን ዘዴ መቅዳት ዕውቀት ነውን?

የኦርኬስትራ ቅንብር የሚማር ሰው የታላቅ ደራሲን ኖታ ዘርግቶ የትኛው መሣሪያ የቱን ዜማ እንደያዘ ይቀዳል። በ1808 እ.ኤ.አ. የቀረበው የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ግን ይህን ልማድ ይፈትነዋል። በመጀመሪያው ክፍል ሁለተኛውን የዜማ ሐሳብ የሚያበስረው ጥሪ በሆርን ይነፋል፤ ያው ጥሪ በሌላ ቅኝት ሲመለስ ግን ለባሱን ተሰጥቷል። የዘመኑ ሆርን ቫልቭ ስላልነበረው በአዲሱ ቅኝት እንደ ልብ አይታዘዝም ነበር። ምክንያቱን ሳያውቅ ባሱኑን የሚቀዳ ተማሪ የወረሰው የሌላ ሰው እጥረት ነው፤ እጥረቱን ያሸነፈው አእምሮ አምልጦታል።

እጥረትን የሚያሸንፍ እንዲህ ያለ አእምሮ በአካባቢው ሙዚቃም ስለሚታይ ነው ለአሶሳ ተማሪ የበርታ ሕዝብ የዋዛ ጨዋታ ከቤትሆቨን እኩል ይጠና የምለው። ዋዛ ቁመታቸው የሚለያይ የቅል መለከቶች ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ዜማው ከሁሉም ድምር ይወጣል። «ይህ የመሣሪያው ግዴታ እንጂ የደራሲ ምርጫ አይደለም» ይባል ይሆናል። ግዴታማ ቤትሆቨንንም ይዞታል! ደግሞስ አንቶን ቬበርን በ1935 እ.ኤ.አ. የባኽን «ሪቼርካር» የተሰኘ ድርሰት ለኦርኬስትራ ሲያቀናብር፣ አንዱ መሣሪያ ዜማውን በሙሉ መጫወት እየቻለ፣ ለትሮምቦን፣ ለሆርንና ለትረምፔት ቆራርጦ ያከፋፈለው በገዛ ፈቃዱ ነው። የሚከብደው መቃወሚያ፣ የዋዛ ነፊ የራሱን ድርሻ እንጂ ሙሉውን ሐሳብ አያውቅም የሚለው ነው። ነገር ግን ዜማውን በልቡ ያልሰማ ሰው መቼ እንደሚገባ ከየት ያውቃል? የሲምፎኒ ተጫዋች የኖታውን ዕረፍት ቆጥሮ ሊገባ ይችላል፤ የዋዛ ነፊ ይህ ማምለጫ የለውም።