«ራሴን አመመኝ»
ሕመም መለኪያ መሣሪያ የለውም። ትኩሳት በቴርሞሜትር ይታያል፤ የደም ግፊትም ይለካል። ሕመም ግን ታማሚው ካልተናገረው፣ ፊቱና አቀማመጡም ካላሳበቀበት ማስረጃ አይገኝለትም። ነርስ ካርዱን ይዛ «ምን ይሰማዎታል?» ስትል የምትጠይቀው እሷ ልትገባበት የማትችለውን ነገር ነው። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ነው፦ የሌላ ሰው ሕመም ይታወቃል ወይስ ይታመናል?

ሉድቪግ ቪትገንስታይን ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመው መጽሐፉ ነገሩን በሳጥን መስሎታል። እያንዳንዱ ሰው በየሳጥኑ ውስጥ ያለውን ነገር «ጥንዚዛ» ይለዋል፤ የሌላውን ሳጥን ግን ማንም አይከፍትም። ቃሉ ከሰው ሰው የሚያግባባው ሳጥኑ ስለታየ ሳይሆን ሰዎች አብረው ስለሚጠቀሙበት ነው። (ፈላስፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለንደን በሚገኘው ጋይስ ሆስፒታል መድኃኒት አመላላሽ ሆኖ ሠርቷል፤ ከታማሚ አልጋ የራቀ ሰው አልነበረም።) የነርሶቹ መልስ አጭር ነው። አሜሪካዊቷ ነርስ ማርጎ ማካፈሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ሕመም ማለት ታማሚው ሕመም ነው ያለው ነው ስትል አስተማረች። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ የታማሚው ቃል ሊከበር እንደሚገባ፣ መናገር አለመቻልም ሕመም የለም እንደማያሰኝ አስፍሯል። ማመን አንዳንዴ ያሳስት ይሆናል። ያለአግባብ ያመነች ነርስ የምታጠፋው አንድ መድኃኒት ነው፤ ያለአግባብ የተጠራጠረች ግን ታማሚው ሁለተኛ እንዳይናገር ታደርገዋለች።

አማርኛ በዚህ ላይ የራሱ አስተያየት አለው። «ራሴን አመመኝ» በሚለው አነጋገር ታማሚው ባለቤት አይደለም፤ ተሳቢ ነው። ራሱም ተሳቢ ነው። አድራጊው አይጠራም። የሕመሙን ዓይነት የሚለየው ግሱ ነው፦ ጎን ይወጋል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ጨጓራ ያቃጥላል፣ ቁስል ይጠዘጥዛል። ካርዱ ላይ «የሆድ ሕመም፣ 7 ከ10» ብቻ ከተጻፈ፣ ለሐኪሙ ከሁሉ የሚጠቅመው ግስ ጠፍቷል ማለት ነው።

አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ አዛውንት ይታሰቡ። «እንዴት ነዎት እማማ?» ሲባሉ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ጎናቸውን ጭምድድ አድርጎ ይዟል። አልዋሹም። ምስጋናው ለነርሷ የተሰጠ መልስ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው ይደገማል፦ «የት ጋ ነው የሚያምዎ? ከመቼ ጀምሮ? ወዴት ይሄዳል? ምን ያባብሰዋል? ምን ያስታግሰዋል?» ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሰጡታል ሲባሉ ብዙ አረጋውያን ግራ ይጋባሉ። ያኔ «ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? ቅዳሴ መቆም ይችላሉ?» ማለቱ ይሻላል። አብራ የመጣችው ልጃቸው «ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ ነበር» ብትል ይመዘገባል፤ የእናትየውን ቃል ግን አይተካም። ከዚያ የቆየ በሽታ፣ አለርጂና የሚወስዱት መድኃኒት ይጠየቃል። ጠበልም ይጠየቃል፤ ካልተጠየቀ ብዙው ሰው አያነሣውም፤ ጠበል ላይ ሲሆን መድኃኒት ያቋረጠም ይኖራል። «የት ይኖራሉ?» የሚለውም እንደ ተራ ጥያቄ አይታለፍም፤ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከካዛንቺስ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ለተዛወረ ሰው፣ ሲታመም ውኃ ያቀብል የነበረው ጎረቤት አሁን የለም።

የክፍለ ከተማው ስም ራሱ የሕመም ታሪክ አለው። ቅዱስ ቂርቆስ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ወደ ፈላ ውኃ የተጣለ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው፤ ቅዱስ ገብርኤል ያዳናቸው ዕለት ሐምሌ 19 ይከበራል። ታሪኩ ጽናትን ለማስተማር ይተረካል፤ ታማሚም አንዳንዴ «መቻል አለብኝ» የሚለው ከእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ተነሥቶ ነው። ነገር ግን ትረካው የእናትየዋን ፍርሃት አልደበቀም፤ ኢየሉጣ የሚንተከተከውን ውኃ አይታ ፈርታለች፣ ያጽናናትም ልጇ ነው። ፍርሃቷን መግለጧ ከቅድስና አላወጣትም። ዛሬ በሥዕል ፊቶች ሕመምን የሚያሳየው መለኪያም የሚጀምረው ከሦስት ዓመት ሕፃን ነው። ከዚያ በታች ላሉት የፊት፣ የእግርና የለቅሶ ሁኔታ ይታያል።

እዚያው ክፍለ ከተማ በሚገኘው፣ በማዋለድ በሚታወቀው ጋንዲ መታሰቢያን በመሰሉ ሆስፒታሎች ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል። ምጥ የሚጠበቅ ሕመም ስለሆነ በቀላሉ ይናቃል። አንዷ «ማርያም! ማርያም!» እያለች ትጮኻለች፤ ሌላዋ ነጠላዋን ነክሳ ዝም ትላለች። ጩኸት የሕመም መለኪያ አይደለም፤ ዝምታም እንዲሁ። ሁለቱም እኩል መጠየቅ አለባቸው፤ ዝም ያለችው ደግሞ ቀድማ ብትጠየቅ ይሻላል፣ የምትረሳው እሷ ናትና።

ማስታገሻ ከተሰጠ በኋላ ምዘናው እንደገና ይደረጋል፦ በመርፌ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ገደማ፣ በሚዋጥ ከሆነ በአንድ ሰዓት ገደማ። ጥያቄው በመጀመሪያው ግስ ይሁን። አግዳሚው ላይ የነበሩት እማማ ሲጠየቁ «ይወጋኛል» ብለው ከሆነ «አሁንስ ይወጋዎታል?» ተብለው ይጠየቃሉ፤ መልሳቸውም ከሰዓቱ ጋር ካርዱ ላይ ይጻፋል።